ሰሌዳና ቋንቋ፤ መስማት ለተሳነው ሕፃን ያለብን ዕዳ

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 የተጻፈውን የካህኑን የዘካርያስን ታሪክ ሁላችን እናውቀዋለን። መልአኩ ያበሠረውን ባለማመኑ አንደበቱ ተይዞ ከቤተ መቅደስ ከወጣ በኋላ ሕፃኑ እስኪወለድ ድረስ በዝምታ ኖረ። ሕፃኑ በተወለደ በስምንተኛው ቀን የተሰበሰቡት ዘመዶችና ጎረቤቶች ስሙ ማን እንዲባል እንደሚወድ አባቱን በምልክት ጠየቁት፤ እርሱም ሰሌዳ ለመነና ጻፈ። በዚህ አጭር ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገሮችን እናገኛለን። አንደኛው ሰዎቹ የተጠቀሙበት የእጅ ምልክት ነው፤ ሁለተኛው ዘካርያስ የለመነው ሰሌዳ ነው። አንደበት በተዘጋ ጊዜ እጅና ዕቃ የአንደበትን ሥራ ሠሩ። በዚህም ማንም አላፈረም፤ የመጥምቁ ስም በአባቱ ቃል የጸናው በድምፅ ሳይሆን በጽሕፈት ነበረና።

ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ የማናስተውለው ሦስተኛ ነገር አለ። ዘካርያስ ሰሌዳውን በተቀበለ ጊዜ የሚጽፈው ነገር ነበረው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ቋንቋ እየሰማ አድጓል፤ ሕግንና ነቢያትን ተምሯል፤ የተያዘው አንደበቱ እንጂ ልቡናው አልነበረም። ሰሌዳው ቋንቋን አልሰጠውም፤ የነበረውን ቋንቋ አወጣለት እንጂ። ይህንኑ ሰሌዳ ከተወለደ ጀምሮ አንድ ቃል ላልሰማ፣ በዐይኑም ቋንቋ ላልተማረ ልጅ ብንሰጠው ግን ምን ይጽፍበታል? በዘመናችን ሰሌዳው በዝቷል፤ ስልኩ፣ ቪዲዮው፣ የመስሚያ መርጃ መሣሪያው ሁሉ የዘካርያስ ሰሌዳ ዘመዶች ናቸው። ሰሌዳውን ማቀበል መልካም ነው። ቋንቋውን የመስጠት ዕዳ ግን በማን ላይ ነው? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የተነሣንበት ጥያቄ ይህ ነው።

ነገሩን ከሩቅ አገር ምሳሌ ከመጀመር በቅርባችን እንመልከተው። ኮላ ድባ ከጎንደር ከተማ በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ ከጣና ሐይቅ በስተ ሰሜን ባለው በደምቢያ ሜዳ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያሉት ገበሬዎች በጥቁሩ አፈር ጤፍና ሽምብራ ያመርታሉ፤ ልጆቻቸውን በ40 እና በ80 ቀን ክርስትና ያስነሣሉ፤ በሰንበት በዐጸደ ቤተ ክርስቲያን ይሰበሰባሉ። ከእነዚህ ቤቶች በአንዱ መስማት የተሳነው ሕፃን ቢወለድ የሚሆነውን እናስብ።

በመጀመሪያው ዓመት ማንም አያውቅም። ሕፃኑ እንደ ሌላው ይስቃል፣ ያለቅሳል፣ ድምፅም ያሰማል። በሁለተኛው ዓመት እናቲቱ ትጠራጠራለች፤ ጎረቤት ግን አፉ የሚፈታበት ጊዜ ገና ነው፣ አባቱም ዘግይቶ ነበር የተናገረው እያለ ያጽናናታል። በሦስተኛው ዓመት ጥርጣሬው ሐዘን ይሆናል፤ ከጠበል ወደ ጠበል መዞር ይጀመራል። በዚህ ሁሉ መካከል ሕፃኑ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ለእንጀራ፣ ለውሃ፣ ቀንድ ላለው በሬ፣ ጢም ላለው አያት የራሱን ምልክት በእጁ ይሠራል፤ ቤተ ሰቡም ጥቂቱን ይለምዳል። ነገር ግን ይህ የቤት ምልክት ከአጥሩ አያልፍም። በዐይን የሚታየውን ለመጠቆም ይበቃል፤ ምክንያትን፣ ተስፋን፣ ኃጢአትንና ይቅርታን በእርሱ ማስረዳት ግን እጅግ ጭንቅ ነው።

ወንድሞቹ ፊደል ሲቈጥሩ እርሱ ከብት ይጠብቃል። አባቱ በሞተ ጊዜ የለቅሶውን ብዛት ያያል፤ አባቱ ወዴት እንደ ሄደ ግን የሚነግረው የለም። ክፉ ሰው ቢበድለው ማን እንደ በደለው ለዳኛም ለእናቱም ሊያስረዳ አይችልም። እንግዲህ ጉዳቱ የጆሮ ብቻ አይደለም። ጆሮው የተዘጋበት ልጅ በቋንቋ እጦት ከትምህርት፣ ከሕግ፣ ከሃይማኖትም በር ውጭ ቆሞ ይቀራል። የመጀመሪያው ጉዳት ከሕመም ወይም ከተፈጥሮ የመጣ ነው፤ ሁለተኛውን ግን የምናመጣበት እኛ ነን።

የአነጋገራችን ልማድ ራሱ በዚህ ጉዳይ ይመሰክርብናል። በግእዙ መስማት የማይችለው ጽሙም፣ መናገር የማይችለው በሃም ይባላል፤ ሁለቱም ቃላት የአካልን ሁኔታ ያመለክታሉ። በአማርኛችን ግን ደንቆሮ የምንለው ቃል ሁለት ትርጉም ተሸክሟል፤ የማይሰማውንና የማያውቀውን በአንድ ስም ጠርተናል። አለመስማት ራሱ አለማወቅ ቢሆን ኖሮ ዘካርያስ በሰሌዳው ላይ ምንም ባልጻፈ ነበር። የማይሰማ ልጅ የማያውቅ የሚሆነው የሚያስተምረው ሲያጣ ነው። ስለዚህ ስሙን ስንጠራው የእኛን ጉድለት በእርሱ ላይ እንደምንጽፍ ማስተዋል ይገባናል። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 መስማት የማይችለውን ሰው መራገም የተከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሊመልስ በማይችል ሰው ላይ የሚነገር ቃል እግዚአብሔር ብቻ የሚሰማው በደል ነውና።

አሁን ደግሞ ስለ ጊዜ እንናገር፤ በዚህ ጉዳይ ከገንዘብ ይልቅ የሚጐድለን ጊዜ ነውና። ሕፃን ቋንቋን የሚቀበለው በትምህርት ቤት ሳይሆን በእናቱ ዕቅፍ ነው። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት አእምሮው በክረምት መግቢያ እንደ ታረሰ መሬት የተዘጋጀ ነው፤ ወራቱ ካለፈ በኋላ የተዘራ ዘር ቢበቅል እንኳ በወቅቱ እንደ ተዘራው አያፈራም። ለዚህም ቋንቋው በጆሮ ገባ ወይም በዐይን ገባ ለአእምሮ ልዩነት የለውም። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ መስማት ከተሳናቸውና በምልክት ቋንቋ ከሚነጋገሩ ወላጆች የተወለዱ መስማት የተሳናቸው ሕፃናት፣ ሌላው ሕፃን በአፉ እንደሚንተባተብ እነርሱ በእጃቸው ይንተባተባሉ። እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ የታተመ ጥናት፣ የመስማት ጉዳታቸው 6 ወር ሳይሞላቸው ታውቆ ወዲያው ርዳታ ያገኙ ልጆች ዘግይቶ ከታወቀላቸው ይልቅ በቋንቋ እጅግ እንደሚሻሉ ገልጧል። ነገር ግን በዚያው አገር በተደረገ ቈጠራ መስማት ከተሳናቸው ልጆች ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆኑት የተወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። ይህም ማለት ልጁ የሚያስፈልገውን ቋንቋ እናትና አባቱ አያውቁትም ማለት ነው። የነገሩ ሁሉ ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው።

በዚህ ላይ አንዳንድ ሰዎች የሚያቀርቧቸው ተቃውሞዎች አሉ፤ በቅንነት ስለሚቀርቡ በቅንነት ልንመልስላቸው ይገባል።

የመጀመሪያው ከመጽሐፍ የሚነሣ ነው። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት ምዕራፍ 10 እምነት ከመስማት እንደሚገኝ አስተምሯል፤ እንግዲህ የማይሰማ ሰው እንዴት ያምናል? ይላሉ። ነገር ግን ምዕራፉን ከመነሻው ያነበበ ሰው የሐዋርያው ጥያቄ ሰሚውን ለመውቀስ እንዳልተነሣ ያያል። ያልተላከ ሰባኪ እንዴት ይሰብካል፣ ሰባኪስ ከሌለ እንዴት ይሰማሉ እያለ ሸክሙን በሰባኪውና በላኪው ላይ ያደርጋል። በዚያው ቦታም ከመዝሙረ ዳዊት ጠቅሶ ይናገራል፤ ያም መዝሙር ሰማያት ያለ ድምፅና ያለ ነገር የፈጣሪን ክብር እንደሚያወሩ የሚመሰክር ነው። መስማት የተባለው እንግዲህ መልእክትን መቀበል ነው። በበዓለ ሃምሳም እያንዳንዱ በተወለደበት ቋንቋ ሰማ እንጂ ሰሚዎቹ ሁሉ የሐዋርያትን የገሊላ አነጋገር እንዲማሩ አልተገደዱም።

ከዚህም በላይ የጌታችንን ሥራ እንመልከት። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 የማይሰማውንና አንደበቱ የተሳሰረውን ሰው ባመጡለት ጊዜ ከሕዝቡ ለይቶ ብቻውን ወሰደው፤ ጣቶቹን በጆሮው አገባ፤ ምላሱን ዳሰሰ፤ ወደ ሰማይ አሻቅቦ አየ፤ ከዚያ በኋላ ኤፍታህ አለ። በቃሉ ብቻ ማዳን ሲቻለው ይህን ሁሉ ለምን አደረገ? ሰውየው ቃሉን ሊሰማ አይችልም ነበር፤ ጣቱን ግን ማየትና መዳሰሱን ማወቅ ይችል ነበር። ጌታችን ጆሮውን ከመክፈቱ በፊት ሰውየው በሚረዳው መንገድ፣ በእጁና በዐይኑ አነጋገረው ብንል ከምሥጢሩ የምንርቅ አይመስለንም። በዚያች ሰዓትም ጆሮው ተከፈተ፤ አጥርቶም ተናገረ። ተአምራት ማድረግ ያልተሰጠን እኛ ግን ቋንቋውን በድካምና በትዕግሥት ልናስተምር ግዴታ አለብን።

ሁለተኛው ተቃውሞ የእጅ ምልክት ቋንቋ አይደለም፣ የጨዋታ መጠቋቈሚያ ነው የሚል ነው። ይህ አሳብ በሊቃውንት ዘንድም ለብዙ ዘመን ሲታመን ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1960 ዊልያም ስቶኪ የተባለው አሜሪካዊ መምህር የምልክት ቋንቋ እንደ ማናቸውም ቋንቋ የራሱ ክፍሎችና ሥርዐት እንዳለው በጽሑፍ ካስረዳ በኋላ ግን የሊቃውንቱ አስተያየት እየተለወጠ ሄደ። ከእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በኒካራጓ አገር፣ በማናጓ ከተማ አንድ አስደናቂ ነገር ታየ። ቀድሞ በየቤታቸው ተነጥለው የኖሩ መስማት የተሳናቸው ልጆች በትምህርት ቤት በተሰበሰቡ ጊዜ፣ ማንም ሳያስተምራቸው ከየቤታቸው ያመጡትን ምልክት አዋሕደው አዲስ ቋንቋ ፈጠሩ፤ ከእነርሱ በኋላ የመጡት ታናናሾችም ሰዋስውን አሟሉት። ከዚህ የምንማረው ቋንቋ የሚጸናው በማኅበር መሆኑን ነው። ብቻውን የተቀመጠ ልጅ ምንም ብልህ ቢሆን ምልክት ይፈጥራል እንጂ ቋንቋ አያቆምም።

በአገራችንም የኢትዮጵያ የምልክት ቋንቋ አለ። የራሱ ቃላትና የራሱ ሰዋስው ያለው እንጂ አማርኛ በእጅ ሲነገር ማለት አይደለም። የፊደል መቍጠሪያውን የተመለከተ ግን ደስ የሚያሰኝ ነገር ያገኛል። ለእያንዳንዱ የፊደል ቤተ ሰብ አንድ የእጅ ቅርፅ አለ፤ ያ ቅርፅ እንደ እንቅስቃሴው ግእዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስና ሳብዕ ይሆናል። አባቶቻችን በብራና ላይ ያኖሩት የሰባቱ ፊደላት ሥርዐት በሕፃን ጣት ላይ ሲገለጥ ማየት ይህ ቋንቋ ባዕድ አለመሆኑን ያስረዳል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ልጁ ምልክት ከለመደ በአፉ መናገርን ይተዋል የሚል ነው። ይህንንም ዓለም በብዙ ዋጋ ፈትኖታል። እ.ኤ.አ. በ1880 በሚላኖ ከተማ የተሰበሰቡ አስተማሪዎች፣ ከጥቂቶች በቀር ራሳቸው የሚሰሙ ሰዎች ሆነው፣ ንግግር ብቻ እንዲሰጥና ምልክት ከትምህርት ቤት እንዲወጣ ወሰኑ። ከዚያ በኋላ በብዙ አገር የልጆች እጅ ተይዞ ከንፈር እንዲመለከቱ ብቻ ተደረገ፤ ብዙዎችም ንግግሩን ሳያገኙ ምልክቱን አጡ። ይኸው ጉባኤ ከ130 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 በካናዳ በቫንኩቨር ሲሰበሰብ የቀደመውን ውሳኔ ሽሮ ላደረሰው ጉዳት መጸጸቱን ገለጸ። እጅን መከልከል አንደበትን አልፈታም። ይልቁንም በአንዱ መንገድ ቋንቋ የያዘ ልጅ ሌላውን፣ ማንበብና መጻፍንም ጭምር፣ ለመማር መሠረት አለው።

አራተኛው ተቃውሞ ለእኛ ከሁሉ የሚቀርበን ስለሆነ በጥንቃቄ እንነጋገርበት። ልጁን ጠበል እያስጠመቅን፣ እያስጸለይን ነው፤ የእግዚአብሔርን ፈቃድ እንጠብቃለን የሚሉ ወላጆች ብዙ ናቸው። ጸሎቱን ተዉ የምንል አይደለንም፤ እንዲህ ማለትም አይገባንም። ነገር ግን እናቲቱ ለታመመ ልጅዋ ጠበል ስታጠጣ እንጀራውን አታስቀርበትም። እስኪድን ድረስ አይብላ የሚል ንስሐ አባት የለም። ቋንቋም ለነፍስ እንደ እንጀራ ነው። የ5 ዓመት መጠበቅ ለእግዚአብሔር ጥቂት ነው፤ ለሕፃን ግን የቋንቋው ወራት ሁሉ ነው። ጆሮው ቢከፈት ክብሩ ለእግዚአብሔር ነው፤ የተማረው ምልክትም አይጎዳውም። ባይከፈት ደግሞ በእጁ የሚጸልይበት ቋንቋ አለው። ተስፋችን የልጁን ቀለብ የሚከለክል ከሆነ ግን ተስፋ አይባልም፤ ስንፍናን በጸሎት ልብስ መሸፈን ይሆናል።

እንግዲህ ወደ መሣሪያዎቹ እንመለስ። ስለ መሣሪያ ስናስብ የስልክን ታሪክ ማስታወስ ይጠቅመናል። እ.ኤ.አ. በ1876 የስልክን የባለቤትነት መብት ያገኘው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል እናቱም ሚስቱም መስማት የተሳናቸው ነበሩ፤ እርሱ ራሱም መስማት የተሳናቸውን ንግግር ያስተምር ነበር። ሆኖም ከእጁ የወጣው መሣሪያ መስማት ለተሳናቸው ለ90 ዓመት ያህል የተዘጋ በር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1964 ሮበርት ዋይትብሬክት የተባለ መስማት የተሳነው የፊዚክስ ሊቅ ጽሕፈት በስልክ መስመር የሚያልፍበትን ዘዴ እስኪያገኝ ድረስ በሩ አልተከፈተም። ከዚያ በኋላ የሞባይል አጭር መልእክት፣ ቀጥሎም እጅና ፊትን የሚያሳየው የቪዲዮ ጥሪ መጣ። ከዚህ ታሪክ የምንረዳው በፍቅር የተነሣ ሰው የሠራው መሣሪያ እንኳ፣ የሚጠቀምበትን ሰው ሁኔታ ካልተከተለ፣ በር ሳይሆን ግድግዳ እንደሚሆን ነው።

ዛሬ ያሉት መሣሪያዎች እያንዳንዳቸው ልክ አላቸው። የመጀመሪያው መለያ መሣሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ዴቪድ ኬምፕ የተባለ እንግሊዛዊ፣ ጤናማ የውስጥ ጆሮ ድምፅ ሲገባበት ደካማ ድምፅ መልሶ እንደሚሰጥ ገለጠ፤ በዚህ መሠረት በተሠራው መሣሪያ የተኛን ሕፃን ጆሮ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መመርመር ይቻላል። ባለሙያዎች ሕፃኑ በ1 ወር እንዲመረመር፣ በ3 ወር ጉዳቱ እንዲታወቅ፣ በ6 ወር ርዳታ እንዲጀመርለት ይመክራሉ። ሁለተኛው ድምፅን የሚያጐላው የመስሚያ መርጃ መሣሪያ ነው፤ ጥቂት ለሚሰማ ልጅ እጅግ ይጠቅማል። ነገር ግን ባትሪ ይፈልጋል፤ ልጁ ባደገ ቍጥር በጆሮው ልክ የሚሠራው ክፍል መለወጥ አለበት፤ ፈጽሞ ለማይሰማው ደግሞ የሚያጐላው ነገር አያገኝም። ሦስተኛው ኮክሌር ኢምፕላንት የሚባለው በቀዶ ሕክምና የሚተከል ነው፤ በጊዜው ተተክሎ ረዥም ሥልጠና ለተሰጠው ልጅ ንግግርን እስከ መስማት ሊያደርስ ይችላል። ዋጋውና ጥበቃው ግን ከደምቢያ ገበሬ አቅም በላይ ነው፤ በተተከለ ማግሥትም ቋንቋ አብሮ አይመጣም።

አራተኛው ዛሬ በገጠርም እየታየ ያለው ስማርት ስልክ ነው። ለኮላ ድባ ዙሪያ ቤተ ሰብ ከሁሉ የሚቀርበው ይህ ይመስለናል። የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው በቀበሌው ባይኖር፣ የሚያውቅ ሰው እጅ በስልኩ መስታወት ውስጥ ወደ ቤቱ ሊገባ ይችላል። የተቀረጹ ምልክቶችን አንድ ጊዜ በከተማ ጭነው ያለ ኢንተርኔት ደጋግመው ማየት ይቻላል። በጎንደር ያለ መምህር በቪዲዮ ጥሪ እናቲቱን በሳምንት አንድ ቀን ሊያስተምራት ይችላል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ አካል ጉዳተኞችን በየሚኖሩበት ኅብረተ ሰብ ውስጥ የሚረዳ የተሐድሶ ሥራ ይዟል፤ እንዲህ ያለውን ማስተማሪያ ከቤት ለማድረስ የዚህ ዓይነት አሠራር መንገድ ይሆናል።

ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቀን እንናገር። ስልኩ የሚሰጠው ለማን ነው? ብዙ ቤት የሚደረገው ልጁ እንዳያስቸግር ስልኩን አስይዞ በጥግ ማስቀመጥ ነው። ይህ ቋንቋ ለሌለው ልጅ ሰሌዳን ያለ ፊደል መስጠት ነው፤ ሥዕል ሲሮጥ ያያል፣ ማንም ግን አይመልስለትም። ሕፃን ቋንቋ የሚማረው ሲያነጋግሩትና ሲመልስ ነው። ስለዚህ ስልኩ በመጀመሪያ መሰጠት ያለበት ለእናቱ፣ ለአባቱ፣ ለታላቅ ወንድሙና ለእኅቱ ነው። እነርሱ ዛሬ 5 ምልክት ተምረው ማታ በምድጃው ዙሪያ ከተነጋገሩበት ስልኩ ሥራውን ሠርቷል። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ እንደ ታየው፣ መስመሩ ሊጠፋ ይችላል፤ ባትሪውም ያልቃል። በእናቲቱ እጅ ላይ የገባው ቋንቋ ግን አይቋረጥም። የመሣሪያ መልካምነት የሚለካው ሲጠፋ በቤቱ ውስጥ ትቶት በሚሄደው ነገር ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

በአገራችን የተጀመረው ሥራ ጥቂት አይደለም። በአዲስ አበባ የመካኒሳው መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው። መስማት የተሳናቸው ኢትዮጵያውያን የራሳቸውን ብሔራዊ ማኅበር ከመሠረቱ ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ ሆኗል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2008 የኢትዮጵያን የምልክት ቋንቋ በዲግሪ ማስተማር ጀመረ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም በአንቀጽ 24 የምልክት ቋንቋ ትምህርት እንዲመቻች ያዝዛል። ይሁን እንጂ የመጀመሪያዎቹን ትምህርት ቤቶች የከፈቱት ከውጭ የመጡ ሚስዮናውያን መሆናቸውን ስናስብ፣ እኛ በየቀበሌው ደብር ያለን፣ በየቤቱ ንስሐ አባት የሆንን፣ ከማንም በፊት ሕፃኑን የምናይ ሰዎች የት ነበርን ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ከማንም በፊት ማለታችን በዘፈቀደ አይደለም። ሐኪም ያላየው ሕፃን በገጠራችን ብዙ ነው፤ ካህን ያላየው ክርስቲያን ሕፃን ግን የለም ማለት ይቻላል። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ወደ ቤተ ክርስቲያን ትመጣለች። ሁለቱም ቀናት ባለሙያዎች ከወሰኑት ከ3 ወር በፊት ናቸው። በዚያች ቀን ካህኑ እናቲቱን አንድ ጥያቄ ቢጠይቃት ምን ይጎድልበታል? በድንገተኛ ድምፅ ይደነግጣልን? ሳያይሽ ስትጠሪው ይሰማልን? ምናልባት ከበሮ ሲመታ ነቅቷል ትል ይሆናል፤ የከበሮ ንዝረት ግን በሰውነትም ስለሚሰማ ይህ ብቻ ማስረጃ አይሆንም። ካህኑ ሐኪም አይደለም፤ ጥርጣሬ ካለ ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ጎንደር ሆስፒታል አስመርምሪው ማለት ግን ይችላል። የክርስትና አባትና እናትም ለሕፃኑ ሃይማኖት ዋስ ሆነው ቆመዋልና፣ ልጁ መስማት የተሳነው ሆኖ ከተገኘ ዋስትናቸው ሃይማኖቱን የሚያስተምሩበትን ምልክት መማር ይሆናል።

ካህኑ ሌላም ሊያስተምረው የሚገባ ነገር አለ። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በልጅነት ከሚደርሰው የመስማት ጉዳት ከመቶ 60 ያህሉን መከላከል ይቻላል። ማጅራት ገትርና ኩፍኝ ጆሮን ሊያደነቁሩ ይችላሉ፤ ክትባት አላቸው። የሚመግል ጆሮ ይታከማል፤ ዘይትና ቅጠል ሲያንጠባጥቡበት ግን ይብሳል። ይህን በዐውደ ምሕረት መናገር ከወንጌል ሥራ መውጣት አይደለም።

እንዲሁም ማኅበርና ሰንበቴ ያላቸው ምእመናን የኒካራጓን ልጆች ያስቡ። መስማት የተሳነው ልጅ በየመንደሩ አንድ አንድ ሆኖ ተበትኗል። የአንዱ ደብር የሌላውን ጠይቆ ሁለትና ሦስት ቤተ ሰቦችን በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ቢያገናኝ፣ አንድ ስልክ ለሁሉ ይበቃል፤ ልጆቹም እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ። መስማት የተሳነው ዐዋቂ ሰው ቢገኝና የምልክት ቋንቋ ቢያውቅ ደግሞ ከሁሉ የሚሻለው መምህር እርሱ ነው፤ ልጁ አድጎ ምን መሆን እንደሚችል በዐይኑ ያያልና።

ይህ ሁሉ ለቤተ ክርስቲያናችን አዲስ ነገር አይደለም። አባቶቻችን በዐይን ማስተማርን ከጥንት ያውቁበታል። በጎርጎራ የደብረ ሲና ማርያም፣ በጎንደር የደብረ ብርሃን ሥላሴ ግድግዳዎች ላነበበውም ላላነበበውም ሰው ይሰብካሉ። የካህኑ የቡራኬ ጣቶች፣ ስግደቱ፣ ዑደቱ፣ የአቋቋሙ የመቋሚያ ስልት ሁሉ በዐይን የሚነበብ ትምህርት ነው። ከሁሉም በላይ ሊቃውንቱ በድጓው ቃላት ላይ የዜማ ምልክት ሲያኖሩ፣ ድምፅ ሰሚ ባይኖርም በዐይን እንዲጠበቅ ማድረጋቸው ነበር። የቅዱስ ያሬድን ዜማ በምልክት ጠብቃ ያቆየች ቤተ ክርስቲያን፣ ምልክትን ቋንቋው ያደረገውን ልጅ ከበር ውጭ ልታቆመው አይገባትም።

እንግዲህ ከላይ ለጠየቅነው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። ሰሌዳውን ባለጸጋ ሊገዛው፣ መንግሥት ሊያመጣው፣ የውጭ በጎ አድራጊም ሊሰጠው ይችላል። ቋንቋውን ግን ከልጁ ጋር የሚኖር ሰው እንጂ ማንም ከሩቅ ሆኖ ሊሰጠው አይችልም። ስለዚህ ዕዳው መሣሪያ የመግዛት ብቻ ሳይሆን የመማር ነው፤ ተማሪውም በመጀመሪያ ልጁ ሳይሆን እኛ ነን። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 4 እግዚአብሔር ለሙሴ መስማት የተሳነውንና ዲዳውንም የፈጠረ እርሱ መሆኑን ነግሮታል። የሙሴ አንደበት ኰልታፋ በሆነ ጊዜ ደግሞ ወንድሙን አሮንን አፍ አድርጎ ሰጠው እንጂ ከመልእክቱ አላስቀረውም። በዚህ ዘመን ለተዘጋው ጆሮ ወንድም ሆኖ የሚሰጥ ማን ነው? በኮላ ድባ ገጠርም ሆነ በየትኛውም አጥቢያ ከሚሰማው የደወል ድምፅ ውጭ የቀረ አንድ ልጅ ቢኖር፣ በእጃችን ልንጠራው እንችላለን። እጅ ሁላችን አለን።

የዘካርያስን አንደበት የፈታ፣ የማይሰማውን ጆሮ የከፈተ አምላክ፣ ለታናናሾቹ የምናስተምርበትን ትዕግሥትና ማስተዋል ይስጠን። አሜን።